ነጋድራሱ፣ መንግሥትና የበጉ ቆዳ

በልጅነቴ የበዓል ዕለት ከሰዓት በኋላ በሰፈራችን የማይቀር አንድ ጥሪ ነበር። «ቆዳ ያለው! የበግ፣ የፍየል ቆዳ ያለው!» የሚል። ጠሪው ማዳበሪያውን በትከሻው ጣል አድርጎ በየአጥሩ ሥር ያልፋል፤ እናቴም በጉ ተገፎ ሳያልቅ ልጅ ትልክበታለች። ክርክሩ ረጅም ነው። ቆዳው ይገላበጣል፣ ቢላዋ የነካው ቦታ በጣት ይጠቆማል፣ ሰውዬው «ሄጃለሁ» ብሎ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በመጨረሻ የሚገኘው ገንዘብ ለበዓሉ ቡናና ስኳር ይበቃ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ያን ጥሪ በሰፈራችን ሰምቼው አላውቅም። በዓል ባለፈ ቁጥር የበግ ቆዳ በየቆሻሻ ገንዳውና በየወንዙ ዳር ተጥሎ፣ ዝንብ ወሮት ማየትን የአዲስ አበባ ሰው ለምዶታል።

ስለ መጻሕፍት የሚጽፍ ሰው ከበግ ቆዳ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገናኘኝ መጽሐፍ ነው። የነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ለሦስተኛ ጊዜ አንብቤ የጨረስሁት ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ነበር። መጽሐፉን አጥፌ ከቤት ስወጣ የጎረቤታችን በግ ቆዳ ከበራችን ፊት ለፊት ካለው ቦይ ውስጥ ተዘርግቷል። ሁለቱን ነገር ለያይቼ ማየት አልሆነልኝም። በበኩሌ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማ እንጂ የኢኮኖሚክስ ዲግሪ የለኝም፤ ስለዚህ ይህን መጽሐፍ የማነበው እንደ ድርሰት ነው። ድርሰት ግን ሕይወት ላይ ካልተፈተነ ምኑን ድርሰት ሆነ?

ሰውዬውን ለማያውቅ ጥቂት እንበል። ገብረሕይወት በ1878 ዓ.ም. በአድዋ አካባቢ ተወለዱ። ገና ብላቴና ሳሉ ምጽዋ ላይ በጀርመን መርከብ ተሳፍረው ወደ አውሮፓ ተሻገሩና እዚያው ተማሩ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በቤተ መንግሥት አካባቢ ሠሩ፤ ተሰደዱም። በ1904 ዓ.ም. አስመራ ላይ የታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» የዚያ ዘመን ሥራቸው ነው። ኋላም የባቡሩ ተቆጣጣሪ፣ ከዚያም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆኑ። በ1911 ዓ.ም. ሲሞቱ ዕድሜያቸው ከሠላሳ ሦስት ዓመት አይበልጥም ነበር፤ የእኔ እኩያ ማለት ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመው እሳቸው ካረፉ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1916 ዓ.ም. ነው።

ስለዚህ መጽሐፍ ሲወራ ዘወትር የሚነሳው ቀዳሚነቱ ነው። የውጭ ምሁራን በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የደረሱበትን ሐሳብ፣ ማለትም ጥሬ ዕቃ ሻጭ አገርና የፋብሪካ ዕቃ ሻጭ አገር በእኩል ሚዛን እንደማይገበያዩ፣ እሳቸው አስቀድመው በአማርኛ ጽፈውታል ይባላል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ ሙገሳ መጽሐፉን ከማንበብ ያዳነን ይመስለኛል። ቀዳሚ ብለን ሐውልት እናቆምለታለን፤ ሐውልትን ደግሞ ዞሮ አይቶ ያልፉታል እንጂ አይከራከሩትም። እኔ መከራከር እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ አጻጻፉ። ነጋድራሱ በዘመኑ በነበረው አማርኛ ጨርሶ ያልተነገረ ነገር ሊናገሩ ተነሱ። ካፒታል፣ ምርት፣ የንግድ ሚዛን የሚባሉ ቃላት አልነበሩላቸውም። ሀብት፣ ሥራ፣ ዕውቀት፣ ንግድ በሚሉ በማንም ቤት ባሉ ቃላት ግን ትልቁን ክርክር ገነቡት። በተለይ «አእምሮ» የምትለዋ ቃል ለእሳቸው ምሰሶ ናት። ዛሬ እኛ ዕውቀት፣ ችሎታ፣ ቴክኖሎጂ እያልን በሦስት የምንከፍለውን እሳቸው በዚች አንዲት ቃል ይጠሩታል። የግዕዝ ጌጥ ከበዛበት የዘመኑ አጻጻፍ ጋር ሲነጻጸር ዓረፍተ ነገራቸው ደረቅ ነው፤ ደረቅነቱ ግን ለነገሩ የተስማማ ነው። ነጋዴ ሂሳብ ሲያስረዳ ቅኔ አይዘርፍም።

ክርክሩ እንዲህ ነው። የሀብት ምንጩ ሥራ ነው፤ ሥራን የሚያበዛው ዕውቀት ነው። ሁለት ሕዝቦች ሲገበያዩ ዐዋቂው በጥቂት ድካም የሠራውን ሰጥቶ ካላወቀው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካም ይወስዳል። በገበያው ላይ ማንም ማንንም አልሰረቀም፣ ሚዛኑም አልተዛባም፤ አንዱ ግን እየደኸየ ይሄዳል። በዚያን ጊዜ በድሬዳዋ በኩል ምን ይወጣና ምን ይገባ እንደነበር ለሚያውቅ ይህ ሐሳብ ከመጽሐፍ የተቀዳ አይመስለውም። የሚወጣው ቡና፣ ቆዳ፣ ሰም፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ ነው። የሚገባው አቡጀዲ፣ መሣሪያና የፋብሪካ ሸቀጥ ነው። የሚያስገባውና የሚያስወጣውም በአብዛኛው የግሪክ፣ የአርመን፣ የሕንድና የዓረብ ነጋዴ ነበር።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የማይነሳ አንድ ነገር አለ። ነጋድራሱ የቀረጥ ሹም ነበሩ እንጂ የቀረጡ ጌታ አልነበሩም። በ1900 ዓ.ም. ከፈረንሳይ ጋር የተፈረመው፣ በተለምዶ የክሎቡኮውስኪ ውል የሚባለው ስምምነት፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለውን ቀረጥ ከመቶ ዐሥር እንዳያልፍ ገድቦት ነበር። የአገር ውስጡን ሸማኔ ከአቡጀዲ ለመከላከል ቀረጥ ከፍ ይደረግ ቢባል እንኳ መንግሥት እጁ ታስሯል ማለት ነው። ቀረጥ እየሰበሰቡ ቀረጡ ለምን እንደማይረዳ የሚያውቁ ሹም ናቸው መጽሐፉን የጻፉት። የመጽሐፉን ቁጣ፣ ያን የታመቀ ቁጣ፣ የምረዳው ከዚህ አንጻር ነው።

የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ያን ሁሉ ያዩ ሰው ኬላውን አያሳዩንም። ግመሎቹ ሲራገፉ፣ ቆዳው ሲቆጠር፣ ነጋዴው ሲማለድ፣ ጸሐፊው ሲቆጣ አናይም። የድሬዳዋን ነጋዴ ፊት ለፊት አቁመው ቢያናግሩት ምን ይላቸው ነበር? መጽሐፉ ስለ ሕዝብ ብዙ ይላል፤ ሰው ግን ብዙም አይታይበትም። ይህን የምለው ልቦለድ ለምን አልጻፉም ለማለት አይደለም። የክርክሩ ድክመት ከዚሁ ከአጻጻፉ ጋር የተያያዘ ስለሚመስለኝ ነው።

ይህን ግልጽ ለማድረግ ወደ አጎቴ ልሂድ። ጋሼ፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው፣ መርካቶ ውስጥ ጫማ ሲሰፉ ኖረዋል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት የቻይና ጫማ ገበያውን ሲያጥለቀልቀው እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከቻይና የመጣው ጫማ ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ዋጋው ረከስ ይላል፤ እውነተኛ ቆዳ አለመሆኑን ገዢው የሚያውቀው ዝናብ ሲመታው ነው። ከጋሼ ጎረቤቶች ብዙዎቹ ዘጉ። አንዱ ሹፌር ሆነ፣ አንዱ አገር ቤት ገባ። ጋሼ ያደረጉት ግን አሁንም ድረስ ይገርመኛል። አንድ ጥንድ የቻይና ጫማ ገዙና ቤት አምጥተው በወስፌና በጉጠት በታተኑት። ሶሉን ለብቻ፣ ገበሩን ለብቻ፣ ማስቲሹ የተቀባበትን ቦታ ለብቻ፤ ምንጣፉ ላይ ደርድረው ሌሊቱን ሲያጠኑት አደሩ። እናቴ «ገንዘቡን ገደል ከተተው» አለች። በሳምንቱ አዲስ ፎርማ አሠርተው የራሳቸውን ቆዳ በዚያ ቅርጽ መስፋት ጀመሩ። እሳቸው ብቻ አይደሉም፤ ብዙ የመርካቶ ጫማ ሠሪ እንዲሁ ቅርጹን አሻሽሎ፣ ሶሉን ለውጦ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ገበያውን መልሶ ይዟል። ይህ በዘርፉ ጥናት ያደረጉ ሰዎችም የመሰከሩት ነገር ነው።

እንግዲህ ዕውቀት የሚባለው ይህ አይደለም? ነጋድራሱ «አእምሮ» ያሉት ነገር በዚያች ሌሊት ምንጣፋችን ላይ ተደርድሮ ነበር። ማንም ሹም ግን አላዘዘውም። ማንም አልደገፈውምም፤ ጋሼ ለማሽን ብድር ጠይቀው የቤት ካርታ አምጡ ተብለው ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ባለ እጅ በነጋድራሱ መጽሐፍ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ተማሪ ሆኖ ነው፣ መምህር ሆኖ አይደለም። ዕውቀት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከአውሮፓ ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ሕዝብ። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋው ሰው «ፋቂ» ተብሎ ይሰደብ እንደነበር፣ ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸውን ስናስብ፣ ዕውቀት ከታች አለ ብሎ ማሰብ ለዚያ ዘመን ሰው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ይገባናል። ይገባናል ማለት ግን እንለፈው ማለት አይደለም።

ርዕሱን ደግማችሁ አንብቡት፤ «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር»። መንግሥት በራሱ ስም፣ በራሱ እግር ቆሟል። ሕዝብ ግን የሚመጣው «የ» ተቀጥሎበት፣ የሚተዳደር ነገር ሆኖ ነው። የመጽሐፉም ሰዋስው እንዲሁ ነው። አድራጊው መንግሥት ነው፤ ትምህርት ቤት የሚከፍተው፣ ገንዘቡን አንድ የሚያደርገው፣ ቀረጡን የሚያስተካክለው፣ መንገድ የሚሠራው። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ጥያቄዎች ነበሩ፤ በየአውራጃው ኬላ ተተክሎ አንድ ጭነት ዐሥር ጊዜ በሚቀረጥበት አገር መንግሥት ቀረጡን አንድ ያድርግ ማለት ለነጋዴው ትልቅ ነጻነት ነው። ጥያቄው ሌላ ነው፤ ያ መንግሥት ራሱ አላዋቂ ሲሆንስ? ነጋድራሱ ንጉሡ ዐዋቂ ሰዎችን በዙሪያው ከሰበሰበ ነገሩ የሚቃና ይመስላቸዋል። ዐዋቂ የተባሉት ሰዎች ስለ ቆዳ ከቆዳ ነጋዴው ያነሰ ሊያውቁ እንደሚችሉ በመጽሐፉ አልተጠረጠረም።

ወደ ቆዳው ልመለስ። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 567 በጥሬና በከፊል በተዘጋጀ ቆዳና ሌጦ ላይ የወጪ ንግድ ታክስ ጣለ። መጠኑ 150 በመቶ ነበር፤ ይህ በስሙ ታክስ ይባል እንጂ ክልከላ ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ክረስት የሚባለው፣ ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ቆዳ፣ በዚያው ተከተለ። ዓላማው ነጋድራሱ ቢሰሙት ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው የሚያጨበጭቡለት ነበር። ጥሬ ዕቃችንን በርካሽ ሸጠን ጫማ በውድ አንግዛ፤ ቆዳው እዚሁ ያልቅለት፣ እዚሁ ጫማና ቦርሳ ይሁን፣ የእኛ ልጆች ይሥሩበት። ማን ይቃወማል? እኔም ያኔ ብጠየቅ አጨበጭብ ነበር።

የሆነው ግን ሌላ ነው። ወደ ውጭ የሚልከው ነጋዴ ከገበያው ሲወጣ ለቆዳው የሚጫረት ጠፋ። ገዢ ሆነው የቀሩት የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ቆዳ ለማልፋት የሚያስፈልጋቸው ኬሚካል አብዛኛው ከውጭ በዶላር የሚገዛ ነው፤ ዶላሩ የለም። የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ የለም፤ በዱቤ የወሰዱትን ቆዳ ዋጋ ለአቅራቢው የሚከፍሉት ወራት ቆይተው ነው። የፍሳሽ ማጣሪያ ጉዳይ አለ። በዓለም ገበያም ሰው ሠራሽ ቆዳ የእውነተኛውን ቦታ እየወሰደ ነበር። ከብታችን በእከክ የተበላ፣ በገፋፊ ቢላዋ የተቀደደ ቆዳ ማቅረቡም የቆየ ችግር ነው። ይህ ሁሉ ሲደማመር ዋጋው ወረደ፣ ወረደና የሰብሳቢውን የታክሲ ሒሳብ እንኳ የማይሸፍን ሆነ። ያ «ቆዳ ያለው!» የሚለው ሰው ታክስ መጣሉን ሰምቶ አይደለም ጥሪውን ያቆመው። ማዳበሪያውን ሞልቶ ወስዶ የሚቀበለው ስላጣ ነው።

እዚህ ላይ ነጋድራሱን ጥፋተኛ ማድረግ ቀላል ነበር። አላደርገውም። እንዲያውም መጽሐፋቸው የተነበበው በግማሹ ነው ባይ ነኝ። እሳቸው መጀመሪያ ዕውቀት አሉ፤ አዋጁ መጀመሪያ አጥር አለ። አጥሩ ታጥሮ ውስጡ ያለው ሰው ኬሚካል፣ ብድርና ባለሙያ ካላገኘ አጥሩ በረት ይሆናል። ይሁንና አንባቢው ግማሹን እንዲያነብ መጽሐፉ ራሱ አመቻችቶለታል። አድራጊው ሁሉ መንግሥት የሆነበት ጽሑፍ ሹም እጅ ሲገባ መጀመሪያ የሚገኝበት ነገር ትእዛዝ ነው። አዋጅ ማውጣት ቀላል ነው። የጋሼን ምንጣፍ ጠጋ ብሎ ማየት ግን ቁጭ ማለትን ይጠይቃል።

የባቡሩን ነገር ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማዋን ወለዳት፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ነጋድራሱ በባቡሩ ላይ ተሹመው የሠሩ ሰው ሆነው ሳለ ባቡርን ለራሱ ሲባል አላመለኩትም። የሚያመርት ሕዝብ ከሌለ ባቡር የሌላውን ዕቃ በፍጥነት የሚያደርስ መንገድ ብቻ ይሆናል ባይ ናቸው። በዚህ ፍርዳቸው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ ዘመን አረጋግጦላቸዋል። በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በዚያው አቅጣጫ ሲመረቅ አገራችን ከውጭ የምትገዛው ወደ ውጭ ከምትሸጠው ከእጥፍ በላይ ነበር። ከጅቡቲ ሞልቶ የሚመጣ ኮንቴይነር ሲመለስ ባዶውን የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2017 የበጀት ዓመት የወጪ ንግዱ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገኘ ተብሎ ደስ ብሎናል፤ ደስታውን ለማጨለም አይደለም፣ ነገር ግን ከግማሹ በላይ ወርቅና ቡና ነው። አቡጀዲው ስሙን ለወጠ እንጂ የድሬዳዋው ሚዛን ያው ነው።

የሐዋሳው ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ይህ ሚዛን የሚቀየር መስሎን ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች ሥራ አገኙ፤ ይህን ማቃለል ግፍ ነው። ሆኖም ጨርቁ በአብዛኛው ከውጭ ይመጣል፣ እዚህ ተቆርጦ ይሰፋል፣ ተመልሶ ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ከአጎዋ ስታስወጣን ገበያው በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ የቆመ መሆኑ በአንድ ቀን ታየ። ነጋድራሱ ስለ ቀረጥ ውል የተቆጩት ቁጭት አሁንም በር አላጣም።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሆኗል። በዚያው ዓመት ለውጭ ባለሀብት ተዘግቶ የቆየው የገቢ፣ የወጪ፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ተከፍቷል። ለአንዳንዶች ይህ ዘግይቶ የመጣ መፍትሔ ነው፤ ለአንዳንዶች የአገር ውስጥ ነጋዴ መጨረሻ ነው። እኔ ዳኛ ለመሆን ዕውቀቱ የለኝም። በሁለቱም ወገን ያሉ ተከራካሪዎች ግን ጠቅልለው የሚናገሩት ያው ነው፤ «መንግሥት ይክፈት»፣ «መንግሥት ይዝጋ»። ከነጋድራሱ የወረስነው ሰዋስው ይህ ነው። አድራጊው ከመቶ ዓመት በኋላም አልተለወጠም።

ባለፈው ፋሲካ ማግሥት ጋሼ ቤት ሄጄ ስለ ንግድ የሚያወሩትን ገጾች አነበብሁላቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ዐዋቂና አላዋቂ ሲገበያዩ የሚለው ላይ ስደርስ «ልክ ነው» አሉ። ስጨርስ ዝም ብለው ቆዩና፣

«ነጋድራስ ማለት ቀረጥ ተቀባይ አይደል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እና ቀረጥ ተቀባይ ሆኖ ነው ይህን ሁሉ የጻፈው?»

«አዎ።»

«ጎበዝ ሰው ነው። ከኛ ቢጠይቅ ኖሮ ደግሞ...» ብለው ሳይጨርሱት ተነሡ።

ወደ ጓሮ ወጥተን አሳዩኝ። ከጎረቤት የተጣሉ አራት የበግ ቆዳዎች ለቅመው፣ ጨው ነስንሰው፣ ጥላ ሥር በእንጨት ላይ ዘርግተዋቸዋል። የአንዱን ጠርዝ በጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሡት። የቢላዋ ጭረት የለበትም፤ እከክም አልነካውም። «ይህን የገፈፈው ልጅ እጁ ንጹሕ ነው» አሉኝ። ማን እንደሚገዛቸው ጠየቅኋቸው። ለአንድ ፋብሪካ ያቀርብ የነበረ የቀድሞ ደንበኛቸውን ደውለው እንደጠየቁና እስከ ቅዳሜ እነግርዎታለሁ እንዳላቸው ነገሩኝ።

ቅዳሜ አለፈ። ጋሼ ጨው ጨምረውበታል።